በትንሽ መደብ ፖከር፦ መቼ ትገፋለህ፣ መቼ ትከተላለህ

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ሽምብጥ ወይም ፔዳ አካባቢ ጓደኛ ቤት ተሰብስባችሁ ቴክሳስ ሆልደም የምትጫወቱ ከሆነ ይህ መመሪያ ለአንተ ነው። የጨዋታውን ሕግ ታውቃለህ ብዬ ነው የምጀምረው። ፍለሽ ከስትሬት እንደሚበልጥ፣ እጅ ላይ ሁለት፣ መሃል ላይ አምስት ካርታ እንደሚወጣ አላስረዳም። ማሳየት የምፈልገው ጥሩ ካርታ ሲመጣልህ እንዴት በደንብ እንደምታስከፍልበት፣ ሳይመጣልህ ሲቀር ደግሞ እንዴት በትንሹ እንደምትወጣ ነው።

ፖከር ላይ ሰው የሚያሸንፈው በሁለት መንገድ ነው። ወይ መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ የሱ ይበልጣል፣ ወይ ሌሎቹ ሁሉ ፎልድ አድርገው ይወጡለታል። እየመደበና ሬይዝ እያደረገ (መደቡን እያሳደገ) የሚጫወተውን ሰው ገፊ እንበለው። ለገፊ ሁለቱም መንገድ አለለት። ቼክ (ሳይመድቡ ማሳለፍ) እና ኮል (የተመደበውን መክፈል) ብቻ እያለ የሚሄደው ተከታይ ግን አንዱ ብቻ ነው ያለው፤ ካርታው የግድ መብለጥ አለበት። ለዚህ ነው ፖከር የሚያስተምር ሁሉ «ግፋ፣ አትከተል» የሚለው። እውነታቸውን ነው። ችግሩ በትንሽ መደብ ጨዋታ ሰው አይወጣም። ለመዝናናት ነው የመጣው፣ ቢያጣም የሚያጣው ትንሽ ነው፣ ካርታህንም ማየት ይፈልጋል። «ልየው በቃ!» ይልና ያስገባል። ስለዚህ እኛ ሰፈር ጠረጴዛ ላይ መግፋት ማለት በዋናነት ጥሩ ካርታ ይዞ ሳያፍሩ ብዙ ማስከፈል ነው። ማስፈራራቱ በጣም ትንሹ ክፍል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ሐሳብ የሚመነዘር ነው።

1. መደቡን ወስኑ፣ ቦታውን አስተካክሉ

እኛ የምንጫወተው በሽምብራና በባቄላ ነው። ሽምብራ 1 ነጥብ፣ ባቄላ 10 ነጥብ። ለእያንዳንዱ ሰው 16 ባቄላና 40 ሽምብራ ይቆጠርለታል፣ ድምሩ 200 ነጥብ ይመጣል። ጥሬ ይሁን፤ ቆሎ ካመጣችሁ እየተበላ ሒሳቡ ይበላሻል። ትንሹ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግድ የሚገባ መደብ) 1፣ ትልቁ 2 ይሁን። እንዲህ ስታደርጉ እያንዳንዱ ሰው የትልቁን ብላይንድ 100 እጥፍ ይዞ ይጀምራል፣ ይህ በየትም አገር የተለመደ መነሻ ነው። ከዚህ ካነሰ ለማሰብ ቦታ የለም፣ ሁሉም ቶሎ ኦል ኢን ይገባና (ያለውን ሁሉ ያስገባና) ያልቃል።

ማታ ላይ ትንሽ ነጥብ የቀረው ሰው የዓሣ ጥብስ ይጋብዛል። ለትንሽ መደብ ይህ በቂ ነው። ያለ ፈቃድ ቤት ከፍቶ በገንዘብ ቁማር ማጫወት በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፣ ጓደኝነትም ያበላሻል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ቁጥሮች በሙሉ በነጥብ ናቸው።

ቦታን በተመለከተ፣ ግቢያችሁ ጣና ዳር ከሆነ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ግቡ። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ካርታ ይገለብጣል፣ አንዴ የተገለበጠ ካርታ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው። መብራት ከጠፋም ስምምነት ይኑራችሁ፦ ካርታ ባለበት ተደፍቶ ይቀመጥ፣ ሁሉም እጁን ከጠረጴዛው ያንሳ፣ ሻማ እስኪመጣ ማንም ምንም አይንካ።

2. መጀመሪያ ሰው እይ

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ብዙ ሳትገባ ተቀምጠህ ተመልከት። ማን ካርታ ይጥላል? ማን አይጥልም? ማን ራሱ ይመድባል? በትንሽ መደብ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የምታገኘው ሦስት ዓይነት ሰው ነው።

ሙጥኝ ባዩ ካርታ አይጥልም። ትንሽዬ ጥንድ ካለው ይከተላል፣ ለፍለሽ አንድ ካርታ ከጎደለው ይከተላል፣ አንዳንዴ አስ ብቻ ይዞም እስከ ሪቨር (እስከ መጨረሻው የመሃል ካርታ) ይመጣል። ራሱ ግን አይመድብም። የአብዛኛው ነጥብህ ምንጭ ይህ ሰው ነው፣ ስለዚህ በደንብ እወቀው።

ጠባቂው ተቃራኒው ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ካርታ ሲጥል ቆይቶ ድንገት ሬይዝ ያደርጋል። ሬይዝ ካደረገ አለው። ትንሽ ከገፋኸው ደግሞ ይወጣል።

ሦስተኛው ቀውጢው ነው። ካርታውን ሳያይ ይመድባል ማለት ይቻላል። ያሳድጋል፣ ይጮኻል፣ ያስቃል፣ ሁሉም ዙር ውስጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሲኖር ጨዋታው ይሞቃል፣ ነጥቡም ይበተናል። ከቻልክ እሱ ካንተ ቀድሞ የሚወስንበት ቦታ ላይ ተቀመጥ፣ ማለትም ከግራው።

ሰዎችን ስታይ የሚያስገቡበትን አኳኋንም ልብ በል። እኛ ጋ አንድ ጋሼ አሉ። ከሰዓቱን ሙሉ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት» ሲባሉ ሽምብራውን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ እየገፉ «እስቲ ልየው ልጄ» ይላሉ። በሽምብራ ሲገፉ ካርታቸው መካከለኛ ነው። እጃቸው ወደ ባቄላው ከሄደ፣ ያውም ሳይቆጥሩ ዘግነው ካስገቡ፣ ሁለት ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ይዘዋል። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ችሎታ አያስፈልግም፣ ስልክህን አስቀምጠህ ማየት ብቻ ነው።

3. አብዛኛውን ካርታ ጣል

ገፊ መሆን ሁሉንም መጫወት አይደለም። እንዲያውም ገፊ ሰው ከተከታይ ያነሰ ካርታ ነው የሚጫወተው። የመረጠውን ግን በኃይል ይጫወታል።

ለአምስት ሰው ጠረጴዛ በግምት ከሰባት ወይም ከስምንት ካርታ አንዱን ብትጫወት በቂ ነው። ከሰባት-ሰባት ጀምሮ ያሉ ጥንዶች፣ አስ ከኪንግ፣ ከኩዊን፣ ከጃክ ወይም ከ10 ጋር፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ተከታታይ ካርታዎች፣ እነሱንም በርካሽ ከሆነና መጨረሻ የምትወስነው አንተ ከሆንክ። ሌላውን ጣል። «ንጉሥ ይዣለሁ» ብሎ ከኪንግ-4 ጋር መግባት የተከታይ ልማድ ነው፤ ኪንግ ቢወጣልህም ኪንግ-ጃክ የያዘ ሰው ይበልጥሃል፣ አንተም መውጣት ያቅትሃል።

ጥሩ ካርታ ብዙ አይመጣም። ጥንድ ከ17 ዙር አንዴ ነው። አስ-አስ ከ221 አንዴ! በሰዓት 25 ዙር ያህል ብትጫወቱ አስ-አስ የምታየው በአማካይ በዘጠኝ ሰዓት አንዴ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሲመጣልህ «እንዳይሸሹብኝ» ብለህ 2 ነጥብ ብቻ አስገብተህ ዝም አትበል። ይህን በጣም ብዙ ሰው ያደርገዋል። አስ-አስ ካርታውን ከማታውቀው አንድ ሰው ጋር እስከ መጨረሻ ቢሄድ ከ100 ወደ 85 ጊዜ ያሸንፋል። ከአራት ሰው ጋር ሲሆን ግን ወደ 56 ይወርዳል። ዝም ባልክ ቁጥር ብዙ ሰው ታስገባለህ፣ ብዙ ሰው በገባ ቁጥር ደግሞ ምርጡ ካርታህ ወደ ዕድል ጨዋታ እየተጠጋ ይሄዳል።

4. ከገባህ ሬይዝ አድርገህ ግባ

የትልቁን ብላይንድ ሦስት እጥፍ አስብ፣ ከዚያ በፊትህ 2 ነጥብ አስገብቶ ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብላይንድ ጨምር። ሁለት ሰው ከገባ 6 ላይ 4 ጨምረህ 10 ታደርገዋለህ። ጠረጴዛው ለ10 የማይበረግግ ከሆነ 12 አድርገው። 10 ብለህ አራቱም ከገቡ ጠረጴዛችሁ ሬይዝህን አላከበረም ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጨምርበት።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ዙር ላሳይህ። አምስት ሰው ናችሁ። ካርታ የምታድለው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ከፍሎፕ (ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የመሃል ካርታዎች) ጀምሮ መጨረሻ ላይ የምትወስነውም አንተ ነህ። እጅህ ላይ አስ-ኩዊን አለ። ሁለት ሰዎች 2-2 አስገብተው ገብተዋል፣ አንደኛው ሙጥኝ ባያችን ነው። 10 ትላለህ። ሁለቱ ብላይንዶች ይወጣሉ፣ ሁለቱ የገቡት ኮል ያደርጋሉ። ፖቱ (መሃል የተከማቸው ነጥብ) 33 ሆነ።

ፍሎፕ፦ የዳይመንድ ኩዊን፣ የልብ 7፣ የልብ 4። ሁለቱም ቼክ ይላሉ። አንተ 22 ትመድባለህ። አንዱ ይወጣል፣ ሙጥኝ ባዩ «ልየው» ይላል። ፖቱ 77። ተርን (አራተኛው የመሃል ካርታ) ላይ የስፔድ 2 ይወጣል፣ ለማንም አይጠቅምም። 50 ትመድባለህ፣ አሁንም ይከተላል። ፖቱ 177። ሪቨር ላይ 9 ይመጣል፣ ልብ አይደለም። ቼክ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ካርታችንን እንገላልጥ» ይላል። አንተ ግን 80 ትመድባለህ። ትንሽ አጉረምርሞ ይከፍላል፣ ኩዊን-10 ይገልጣል። ከዚህ ዙር ትርፍህ 175 ነጥብ ነው፦ ከሙጥኝ ባዩ 162፣ ከወጣው ሰው 10፣ ከብላይንዶቹ 3።

አሁን ያንኑ ካርታ ተከታይ ሆነህ ተጫወተው። 2 ብቻ አስገብተህ ትገባለህ፣ አምስታችሁም ፍሎፕ ታያላችሁ፣ ፖቱ 10 ነው። ኩዊን ስታይ በጥንቃቄ 5 ትመድባለህ፣ ሁለት ሰው ይከተልሃል። ተርንና ሪቨር ላይ ፈራ ብለህ ቼክ ትላለህ። ብታሸንፍ ትርፍህ 18 ነጥብ። አንድ ዓይነት ካርታ፣ አንድ ዓይነት ሰው፣ 175 እና 18። ይህም ሁሉ ካሸነፍክ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ብላይንድ ላይ የነበረው ሰው 7-4 ይዞ ሊሆን ይችላል። ሬይዝ ብታደርግ ወዲያው ይጥለው ነበር። ዝም ስላልክ በነጻ ገብቶ ሁለት ጥንድ ሠራብህ።

መደብህን በሚቀጥለው ጊዜም ከፖቱ አንጻር አስብ። ሁለት ሦስተኛው ጥሩ መነሻ ነው። ሙጥኝ ባይ ላይ ከዚያም ከፍ ብታደርገው አይወጣም። ገዢው ብሩን ቆጥሮ እጁ ላይ ይዞ እየጠበቀ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ አትሁን።

5. የሚጠብቁትን አስከፍል

ያ ሰው ኩዊን-10 ሳይሆን ሁለት ልብ ይዞ ቢሆንስ? ሰዎች የሚፈሩት ይህንን ነው። «ፍለሽ ቢመታብኝስ» ብለው ቼክ ይላሉ። ቼክ ማለት ግን ፍለሹን በነጻ መስጠት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካርታ ለፍለሽ የጎደለው ሰው የሚያድኑት 9 ካርታዎች አሉ። ፍሎፕ ላይ ሆኖ ያላየው ካርታ 47 ነው፣ ስለዚህ ተርን ላይ የመምታት ዕድሉ 19 በመቶ ያህል ነው። አንተ በ33 ፖት ላይ 22 ስትመድብ እሱ 55 ለማግኘት 22 እንዲከፍል ጠየቅከው። 22 ከ77 ወደ 29 በመቶ ነው። ያለው ዕድል 19፣ የሚያስፈልገው 29። መከተሉ ለአንተ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ቢመታብህም። በዚያው ፖት ላይ 5 ብቻ ብትመድብ ደግሞ የሚያስፈልገው 12 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ያኔ የሚጠቀመው እሱ ነው። በረጅም ጊዜ ትርፍህን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው፣ የአንድ ምሽት ዕድል አይደለም።

ተርን ላይም እንደዚያው ነው። 50 በ77 ላይ ስትመድብ የሚያስፈልገው 28 በመቶ ነው፣ ያለው ወደ 20። ሁለት ጊዜ አስከፈልከው። እርግጥ ሦስተኛው ልብ ከወጣና ሙጥኝ ባዩ ድንገት ራሱ ከመደበ ተሰናበት፣ ካርታህን ጣል። ሥራህ ዋጋ ማስከፈል ነበር፣ አስከፍለሃል።

በጭንቅላት ለማስላት አቋራጭ አለ። የሚያድኑህን ካርታዎች ቁጠር፣ አንድ ካርታ ብቻ ከቀረ በ2፣ ሁለት ከቀሩ በ4 አባዛ። 9 በ2 ወደ 18፣ 9 በ4 ወደ 36። ትክክለኛው 20 እና 35 ገደማ ስለሆነ ለጠረጴዛ ከበቂ በላይ ነው።

6. ብለፍ (ካርታ ሳይኖርህ መድበህ ማስፈራራት)፦ ጥቂት፣ ለተመረጠ ሰው

ዩቲዩብ ላይ ትልልቅ ተጫዋቾች ባዶ እጃቸውን ትልቅ ፖት ሲወስዱ አይተሃል። እዚያ የሚሠራው ተቀናቃኙ ካርታ መጣል የሚችል ሰው ስለሆነ ነው። ሙጥኝ ባይን በባዶ እጅ ማስወጣት አይቻልም። ሞክረህ ሲከፍልብህ «እንዴት በዚህ ካርታ ይከፍላል!» ብለህ አትናደድ፣ የሚከፍል ሰው መሆኑን ቀድመህ ታውቃለህ።

ፖቱ 40 ሆኖ 20 ብትበልፍ ብለፍህ ቢያንስ ከሦስት አንዴ መሳካት አለበት፣ አለበለዚያ እየከሰርክ ነው። 40 ብትመድብ ከሁለት አንዴ። አሁን ሦስት ሰው ቀርቷል እንበል፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ጊዜ የሚወጡ ቢሆኑ እንኳን ሦስቱም አንድ ላይ የሚወጡት ከስምንት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡን እንዲህ ያዘው፦ ከአንድ ሰው በላይ ካለ አትብለፍ፣ ያ አንድ ሰውም ጠባቂ ይሁን።

በጣም የምወደው የብለፍ ዓይነት ባዶ ያልሆነው ነው። ሁለት ልብ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ሁለት ልብ ወጣ እንበል፣ ከፊትህ ያለው አንድ ጠባቂ ነው። መድብ። ከወጣ ወሰድከው። ካልወጣ ደግሞ እስከ ሪቨር 35 በመቶ ያህል ዕድል ይዘሃል። ሁለቱም መንገድ እዚህ ጋ አብሮህ አለ።

ሬይዝ አድርገህ ገብተህ ፍሎፑ ሳይረዳህ ሲቀርስ? ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። አስ-ኪንግ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ጥንድ የምታገኘው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ባዶ ነህ ማለት ነው። ከፊትህ አንድ ሰው ብቻ ካለና መጣል የሚችል ከሆነ የፖቱን ግማሽ አንዴ መድብ። ከተከተለህ አቁም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ፣ በተለይ ሙጥኝ ባዩ ካለበት፣ ቼክ በልና ተወው።

7. መከተል ልክ የሚሆንበት ጊዜ

መከተልን ሙሉ በሙሉ የሚንቅ ሰው ደግሞ ለቀውጢው ይጋለጣል። ዝም ብሎ ኮል ማድረግ ትክክል የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ።

ትንሽ ጥንድ ስትይዝ። አምስት-አምስት ይዘህ የምትፈልገው ሦስተኛውን 5 ነው፣ ያ ፍሎፕ ላይ የሚመጣው 12 በመቶ ያህል ጊዜ ነው። በርካሽ ግባ፣ ካልመጣ ውጣ። ሰው 10 ካለ ኮል ከማድረግህ በፊት አንተም እሱም ከ150 እስከ 200 ነጥብ እንዳላችሁ እይ። ከዚያ ካነሰ ሲመጣልህ የምታገኘው ሳይመጣ የከፈልከውን አይመልስም።

ለፍለሽ ወይም ለስትሬት አንድ ካርታ ሲጎድልህና ዋጋው ሲረክስ። ፖቱ 40 ሆኖ ሰውየው 10 ብቻ ከመደበ 50 ለማግኘት 10 ትከፍላለህ፣ የሚያስፈልግህ 17 በመቶ ነው፣ ለፍለሽ ያለህ 19። ክፈል። 40 ከመደበ ግን 33 ያስፈልግሃል፣ ጣል። እዚህ ላይ ልብህ «ይመጣል፣ ይመጣል» ይልሃል። ቁጥሩን ስማ።

ቀውጢው ሲመድብ። ጥሩ ጥንድ ይዘህ ከቀውጢው ጋር ብቻህን ከቀረህ አትግፋው። ቼክ በል፣ ይመድባል። ኮል አድርግ፣ እንደገና ይመድባል። ሬይዝ ካደረግክበት ባዶ እጁን የነበረ ከሆነ ይወጣልና ያ ሁሉ ሊያስገባው የነበረው ነጥብ ይቀራል። በሙጥኝ ባይ ላይ አንተ ትመድባለህ፣ በቀውጢ ላይ እሱ ይመድብልሃል። ሰውን መጀመሪያ መለየት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መካከለኛ ካርታ ስትይዝም ዝም በል። መሃል ላይ ኪንግ ወጥቶ አንተ ዘጠኝ-ዘጠኝ ከያዝክ ብትመድብ የሚበልጥህ ይከተላል፣ የሚያንስህ ይወጣል። ማንን ልታስከፍል ነው? ቼክ እያልክ በርካሽ መጨረሻው ላይ ድረስ።

8. ዝምተኛው ሲናገር እመነው

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብበው። ከሰዓቱን ሙሉ ኮል ሲያደርግ የዋለ ሰው ተርን ወይም ሪቨር ላይ ሬይዝ ካደረገብህ፣ አንድ ጥንድ ብቻ ከያዝክ ጣለው። አስ-አስም ቢሆን አንድ ጥንድ ነው። «ሊያስፈራራኝ ነው» አትበል። አያስፈራራም፣ ማስፈራራት ቢያውቅበት ከሰዓቱን ሙሉ አይከተልም ነበር።

ጋሼ ባቄላውን ዘግነው ሲያስገቡ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ኪንግ-ኪንግ ይዞ ነበር። «ኧረ ወንድም ዓለም፣ ጣለው» ብሎ ሊመክረው የፈለገ አንድ ሰው ነበር፣ ግን ዙር ላይ ያለ ሰው አይመከርም፣ ሕግ ነው። ከፈለ። ጋሼ ዝም ብለው ሦስት ስድስት ገለጡ።

ፎልድ ማድረግ እንደ ሽንፈት አይታይ። በትንሽ መደብ ጨዋታ ጥሩ ተጫዋቾችን የምትለየው በሚወስዱት ፖት ሳይሆን በማይከፍሉት ነው። ጥሩ ካርታህን ስትገፋ ከኖርክ፣ አንዴ ብትወጣ ምንም አይጎድልብህም።

9. ስትናደድ ተነሣ

አስ-አስ እንኳን ከአንድ ሰው ጋር ከ100 ወደ 15 ጊዜ ይሸነፋል። በትክክል ተጫውተህ፣ ሰውየውን በውድ አስከፍለህ፣ ሪቨር ላይ ይመታብሃል። ያኔ ገፊ ሰው ላይ የሚመጣው አደጋ ያስታውቃል፦ ለመመለስ ሲል በማንኛውም ካርታ መግፋት ይጀምራል። ቀውጢ ሆነ ማለት ነው። ደምህ ሲሞቅ ከተሰማህ ሁለት ዙር ተቀምጠህ አሳልፍ። ውጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ሐይቁ ዳር ትንሽ ተራመድ። ሁለት ጊዜ 200 ነጥብ ካለቀብህ ለዚያ ቀን በቃህ፣ ሦስተኛ አትቀበል።

ፈቃድ ባለበት ቦታ፣ ሌላ አገር ሄደህም ይሁን፣ በገንዘብ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ለጨዋታ ብቻ የተለየ ገንዘብ ይኑርህ፣ እሱም ጠረጴዛው ላይ ይዘህ የምትቀመጠውን 20 ወይም 30 እጥፍ ይሁን። ከእቁብ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አንዲት ብር አትንካ። በዚህ ነገር ላይ ለማንም አላላላም።

10. በደብተር ያዝ

ገፊ ነኝ የሚል ተከታይ ብዙ ነው። ራስህን ለማወቅ አንድ ትንሽ ደብተር አጠገብህ አስቀምጥ። ከፍሎፕ በኋላ በመደብክና ሬይዝ ባደረግክ ቁጥር በቀኝ በኩል ሰረዝ አድርግ፣ ኮል ባደረግክ ቁጥር በግራ። ማታ ዓሣው እስኪጠበስ የቀኙን ለግራው አካፍል። 2 ወይም 3 ከመጣ ጥሩ እየተጫወትክ ነው። ከ1 በታች ከሆነ ተከታይ ነህ፣ ወደ ቁጥር 4 ተመለስና ሪቨር ላይ ቼክ ያልክባቸውን ጥሩ ካርታዎች አስታውስ። 5 እና 6 ከሆነ ደግሞ ወይ ካርታ አብዝተህ እየጣልክ ነው፣ ወይ የማይወጡ ሰዎች ላይ እየበለፍክ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከእያንዳንዱ የቀኝ ሰረዝ ጎን ካርታ ይዘህ ከነበረ «አ»፣ ባዶ ከነበርክ «ባ» ብለህ ጻፍ። ሙጥኝ ባይ በበዛበት ጠረጴዛ ላይ «ባ» ከአራት አንድ እንኳን መሙላት የለበትም።